የጄንኪንስ ፕለጊኖችን በአንድ ፋይል እንዴት እናስተዳድራለን?

ጄንኪንስን (ፕሮግራም በራሱ የሚገነባና የሚሞክር ሰርቨር) በዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ለብቻው ለይቶ በሚያስኬድ ሳጥን) የሚያስኬድ ሰው አዲስ ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ተግባር የሚሰጥ ቁራጭ ፕሮግራም፣ ሲያስፈልገው በብሮውዘር ገብቶ መጫን ይቀናዋል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ልማድ ውድ ነው፦ ፋይሉ እየወረደ መብራት ይሄዳል፣ የሞባይል ዳታው ያልቃል፣ ሁለተኛ ሰርቨር ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ዝርዝሩ በፋይል ከተጻፈ ግን ፕለጊኖቹ አንዴ ይወርዱና ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ዝግጁ ጥቅል) ውስጥ ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ «ፕለጊንስ ነጥብ ቲኤክስቲ» የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱ። በአንድ መስመር አንድ ፕለጊን ብቻ ይጻፋል፦ መለያ ስሙ፣ ሁለት ነጥብ፣ የቨርዥን ቁጥሩ። መለያ ስሙ ስክሪን ላይ ከሚታየው ስም ሊለይ ይችላል። ለምሳሌ «ፓይፕላይን» የሚባለው ፕለጊን መለያው «ወርክፍሎው-አግሪጌተር» ነው፤ ትክክለኛው አጻጻፍ በፕለጊኑ ገጽ ላይ አይዲ ከሚለው ጎን አለ። ኪቦርዱ በአማርኛ እንደሆነ ከረሳችሁ የሚገባው የግዕዙ ሁለት ነጥብ ይሆናል፤ ፕለጊኖቹን የሚያወርደው መሣሪያ ደግሞ እሱን አያውቀውም። ለዓይን ስለሚመሳሰሉ ስህተቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል አቦ!

ቀጥሎ ኢሜጁ የሚሠራበት የትእዛዝ ፋይል፣ ዶከርፋይሉ። ሦስት መስመር ይበቃዋል፦ «ፍሮም» የጄንኪንስን ይፋዊ ኢሜጅ ይጠራል፣ «ኮፒ» ዝርዝሩን ወደ «ሬፍ» ፎልደር ያስገባል፣ «ራን» ደግሞ ኢሜጁ ውስጥ ያለውን ፕለጊን አውራጅ መሣሪያ «ጄንኪንስ-ፕለጊን-ሲኤልአይ» ከ«ፕለጊን-ፋይል» አማራጭ ጋር ያስኬዳል። ኢሜጁን ስትጠሩ «ሌተስት» አትበሉ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ፕለጊኑ ከያዛችሁት የበለጠ አዲስ ጄንኪንስ ከጠየቀ ግንባታው እዚያው ይቆማል። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ከሚፈነዳ እዚህ ይቁም።

ቁጥሩን ጽፈን ጨረስን ለሚል፦ አልጨረሰም። የጻፋችሁት ፕለጊን የሚደገፍባቸው ሌሎች ፕለጊኖች አሉ፤ መሣሪያው እነሱን ራሱ ያመጣቸዋል፣ ካልተከለከለም የቅርብ ጊዜውን ቨርዥን ያወርዳል። የዛሬና የወሩ ኢሜጅ ከአንድ ፋይል ተሠርተው የሚለያዩት ለዚህ ነው። መፍትሔው እነዚህን ደጋፊ ፕለጊኖችም ከነቁጥራቸው ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ነው። የመሣሪያውን «ሌተስት» የሚል አማራጭ «ፎልስ» ማድረግም ይቻላል፤ ያኔ ከደጋፊዎቹ የሚበቃውን ዝቅተኛ ቨርዥን ይወስዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቮልዩሙ (ኮንቴይነሩ ቢጠፋም የጄንኪንስ ዳታ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ነው። ኮንቴይነሩ ሲነሳ በ«ሬፍ» ያሉትን ፕለጊኖች ቮልዩሙ ላይ ወዳለው ጄንኪንስ ሆም (የጄንኪንስ ዋና ፎልደር) ይገለብጣል፤ ነገር ግን አንዱን በብሮውዘር ካሻሻላችሁት ኢሜጁ በላዩ ላይ አይጽፍበትም። «ፕለጊንስ_ፎርስ_አፕግሬድ» የሚለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል «ትሩ» ስትሉት ይጽፋል፣ ያም የኢሜጁ ቨርዥን ከፍ ያለ ከሆነ ብቻ። ከዝርዝሩ የሰረዛችሁትም ፕለጊን ከቮልዩሙ አይጠፋም፤ ከጄንኪንስ ገጽ ገብታችሁ አንሱት። አሮጌውን ኢሜጅ መመለስም ፕለጊኖቹን ወደ ኋላ አይመልስም። ስለዚህ ከማሻሻላችሁ በፊት ኮንቴይነሩን አቁሙና ቮልዩሙን ቅዱ። ከቮልዩም ይልቅ የሰርቨሩን ፎልደር የምታያይዙ ከሆነ ባለቤቱ ተጠቃሚ ቁጥር 1000 ይሁን፤ ካልሆነ ጄንኪንስ መጻፍ ተከልክሎ ይወድቃል።

ስታስነሱት «ሪስታርት» የሚለውን አማራጭ «አንለስ-ስቶፕድ» አድርጉት፤ መብራት ሲመለስ ዶከር ከተነሳ ጄንኪንስም አብሮ ይነሳል።

ሐረር ላለ ሰርቨር ደግሞ ኢሜጁን እንደገና ማውረድ አያስፈልግም። ድሬዳዋ «ከዚራ» ሰፈር ባለው ቢሮ በ«ዶከር ሴቭ» ፋይል አድርጉት፣ በፍላሽ ይዛችሁ የደንገጎን ዳገት ውጡ፣ እዚያ «ዶከር ሎድ» በሉት። ፍላሹ በፋት32 ከተፎረማተ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ በጂዚፕ ጨምቁት ወይም ፍላሹን ወደ ኤክስፋት ቀይሩት።