ከቁምሳጥኑ ጀርባ የነበረው ሻጋታ

የመኝታ ክፍላችን ሽታ ለሦስት ወራት እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ነበር። ግድግዳውን አጥቤ ቀለም ብቀባውም ሻጋታው ከቁምሳጥኑ ጀርባ ተመልሶ ብቅ ይላል። ከሁሉ የከፋው ልጄ ሌሊት ስትስል መስማት ነበር።

መፍትሔው የጀመረው ትንሽ የእርጥበት መለኪያ የገዛሁ ዕለት ነው። ጠዋት ስንነሣ 78 በመቶ አሳየኝ። ለቤት የሚመከረው ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ከ60 ማለፍ የለበትም። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ጣሪያው አያፈስም፤ ቧንቧውም ደህና ነው። ያመጣነው እኛው ነን፦ በክፍሉ ውስጥ የምናሰጣው ልብስ፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ የሻወር እንፋሎት፣ የራሳችን ትንፋሽ። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ግን ያራግፈዋል። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ደግሞ አየር ስለማይዘዋወር እርጥበቱ እዚያው ይቀራል።

ልብሱን ወደ ውጭ አወጣሁ፤ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አራቅሁት። ጠዋትና ማታ ትይዩ መስኮቶችን ለ10 ደቂቃ ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ ከመተው ይህ ይሻላል፤ ግድግዳው ሳይቀዘቅዝ አየሩ ይለወጣልና። ውጭው ከቤት ይልቅ ወበቃማ በሆነበት ቀን ግን መስኮት መክፈት እርጥበቱን ያባብሰዋል፤ ያኔ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ያስፈልጋል።

ሻጋታውን ጓንትና ጭምብል አድርጌ በሳሙና ውሃ ፈተግሁት፤ በደንብ ሳይደርቅ ቀለም አላስነካሁትም። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይሞከርም።

በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት የሚያሳየው ቁጥር ወደ 54 ወረደ። ሽታው ጠፍቷል፤ የልጄም ሳል ቀለል ብሏል።