ልጅዎ በምን በኩል እንደሚበረታ ዐውቀው ለማስጠናት

በመንዝ ደጋ በግ ሲጠብቅ ያደገ የ5ኛ ክፍል ተማሪ የመንጋውን በጎች አንድ በአንድ በመልካቸው ይለያል፤ ክፍልፋይ ሲማር ግን ይቸገር ይሆናል። ወላጁም ሆነ መምህሩ «ሰነፍ ነው» ብለው ከመፍረዳቸው በፊት፣ ሁለት ሳምንት ያህል ማንም ሳያዝዘው ደጋግሞ የሚያደርገውን እየተከታተሉ በደብተር ቢመዘግቡ ይበጃል፤ ተረት ይተርካል? ከጭቃ ቅርጽ ይሠራል? የተጣሉ ጓደኞቹን ያስታርቃል?

የተመዘገበውን ለመለየት የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ሃዋርድ ጋርድነር በ1983 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ክፍፍል ይረዳል። ምሁሩ የቋንቋ፣ የሒሳብና የአመክንዮ፣ የሙዚቃ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የቦታና የቅርጽ፣ ሌላውን ሰው የመረዳትና ራስን የማወቅ ችሎታዎችን ለየብቻ ቈጥሮ፣ ቈይቶ ተፈጥሮን የመለየት ችሎታን ጨምሮባቸዋል። ችሎታዎቹ ይህን ያህል የተነጣጠሉ አይደሉም የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙዎች ስለሆኑ፣ ክፍፍሉን ልጁን ለመመልከቻ ብቻ ይጠቀሙበት።

ቀጥሎ የልጁን ብርታት የአዲሱ ትምህርት መግቢያ ያድርጉት። እረኛውን «ከ24 በጎች 6ቱ ጥቁር ቢሆኑ፣ ጥቁሮቹ ከመንጋው ምን ያህል እጅ ይሆናሉ?» ብለው ይጠይቁት። 24 ጠጠር አራት ቦታ እኩል ከፍሎ፣ ጥቁሮቹ ከአራት እጅ አንዱ መሆናቸውን ካየ በኋላ 6/24 ብሎ ይጻፍ፤ ከዚያም ወደ 1/4 ያቃልለው። በጠጠር ብቻ እንዳይቀር (ፈተናው የሚመጣው በቁጥር ነውና) በነጋታው በጎቹን ትተው ያንኑ ጥያቄ በገብስ ስፍር ይጠይቁት።

«ይህ ልጅ የሚገባው በዐይኑ ሲያይ ብቻ ነው» ብሎ መወሰን ግን ስሕተት ነው፤ ጋርድነር ራሱ ሐሳቡ ከእንዲህ ያለው አመዳደብ ጋር እንዳይምታታ አሳስቧል። የማስተማሪያውን መንገድ ከልጁ ይልቅ ትምህርቱ ይወስነዋል። የአቋቋም ተማሪ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ በአካሉ የሚለማመደው ትምህርቱ ስለሚጠይቀው ነው፤ ያው ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ደብተሩን ዘግቶ የተማረውን ለታናሹ ያስረዳ። ከማስታወሻ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ከራስ አውጥቶ መናገር ዕውቀትን ያጸናል። የተደናቀፈበትን ቦታ ብቻ እንደገና ያሳዩት፤ ማታ በጎቹ ከገቡ በኋላ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።