የድሮውን ኤክሴል ከአዲሱ ሲስተም ጋር ስታገናኙ ከሰዓቱ ጀምሩ

የምሠራው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ በለገጣፎ በኩል ባለ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ነው። የትኛው ፓምፕ መቼ ይነሳ የሚለውን ለዓመታት የወሰንነው በመዝገብና በአንድ ኤክሴል ነው። አሁን ሴንሰር እያነበበ ምክር የሚሰጥ ሲስተም መጣልን። ሁለቱን የማገናኘቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። እኔ የድሮውን ፋይል እንዳለ ጫንኩት። ኦፕሬተሩ «1» ብሎ የጻፈው ጠዋት 1 ሰዓትን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧ የሚከፍትበትን ሰዓት። ሲስተሙ ግን ሌሊት 7 ሰዓት አድርጎ አነበበው። ሰው በተኛበት ፓምፕ አስነሱ፣ ጠዋት አሳርፉ አለን። ሁለት ቀን ተከተልነው። በሁለተኛው ጠዋት አንድ እናት ባዶ ጀሪካን ይዘው በራችን ላይ ቆመው ነበር። አሁንም ፊታቸው አይጠፋኝም።

የድሮውን ዓምድ አትንኩ። ከጎኑ ሁለት ጨምሩ፤ በአንዱ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት መሆኑን፣ በሌላው የተቀየረውን ሰዓት ጻፉ። ጠዋት 1 ሰዓት 7፡00፣ ማታ 1 ሰዓት 19፡00፣ ሌሊት 8 ሰዓት 2፡00 ይሆናል። ቀኑም ያሳስታል። የሰኞ ማታ ተረኛ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚመዘግበው እዚያው ሰኞ ገጽ ላይ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ማክሰኞ ገብቷል። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለማክሰኞ አጥቢያ የተጻፈውን አንድ ቀን ወደፊት ግፉት። ቀኑን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሚቀይረውን ቀመራችሁን በጳጉሜ ፈትኑት። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበራት መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። 11 ካላችሁ ተሳስቷል።

የውሃ ፍሰቱን መለኪያ መቀየር ቀላል ነው፤ ሊትር በሰከንድን በ3.6 ስታባዙት ሜትር ኪዩብ በሰዓት ይሆናል።

«ምርመራ» የሚለውን ዓምድ ግን እባካችሁ አትዝለሉት። «ፓምፕ 2 ከ4 ሰዓት በላይ አይሥራ» የሚል በእጅ የተጻፈ አገኘሁ። አንጋፋውን ኦፕሬተራችንን ጠየቅኳቸው። «ይሞቃል ልጄ፤ ና ዳስሰው» አሉኝ። ሞተሩ ላይ እጄን ማቆየት አልቻልኩም። እዚያ ሴንሰር አልነበረም። ያንን ሕግ በዚያው ቀን አዲሱ ሲስተም ውስጥ አስገባሁት።

አዲሱ ከድሮው ያንብብ እንጂ አይጻፍበት። ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ጎን ለጎን አስኪዷቸው። እኛ ጠዋት ጠዋት የሁለቱን ምክር አንድ ወረቀት ላይ እናወጣለን፤ ተረኛው የትኛውን እንደተከተለና ለምን እንደሆነ ጽፎ ይፈርማል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሁለቱ ያልተስማሙበትን ሰዓት እያነሳን ከተረኞቹ ጋር እንነጋገርበታለን።