የግፊት ክኒንና የማይለቅ ሳል፦ ኢናላፕሪል ስንወስድ የምንሳሳተው

የምሠራው ጎንደር ፒያሳ፣ አንዲት ፋርማሲ ውስጥ ነው። በቀደም አንዲት እናት ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ሦስት ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጦስኝ፣ ከሥር ደግሞ ኢናላፕሪል። «ልጄ፣ ሳሉ እንቅልፍ ነሳኝ» አሉኝ። የግፊት ክኒኑን ከጀመሩ ሦስት ወራቸው ነው።

ብዙ የማየው ስህተት ይሄ ነው፤ የክኒኑን ሳል ጉንፋን ነው ብሎ ማከም። ሰውነታችን ውስጥ ኤሲኢ የሚባል ኢንዛይም አለ። እንደ መቀስ ነው። አንጂዮቴንሲን አንድ ከሚባለው ባለ 10 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ጫፍ ላይ 2ቱን ይቆርጣል። የቀረው ባለ 8 ሰንሰለት የደም ሥርን ያጠብብና ግፊት ይጨምራል። ኢናላፕሪል ጉበት ውስጥ ተለውጦ መቀሱ አፍ ላይ ይሰካል፤ እዚያ ያለውን ዚንክ ጨብጦ እንዳይቆርጥ ያደርገዋል።

ችግሩ፣ ይሄው መቀስ ብራዲካይኒን የሚባለውን ሌላ ሰንሰለትም ይቆርጥ ነበር። ያ ሳይቆረጥ ሲጠራቀም ጉሮሮ ይከረክራል፣ ደረቅ ሳል ይመጣል። ሽሮፕ እዚህ ምንም አይፈይድም። ሐኪም ግን ክኒኑን ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ሊቀይረው ይችላል። ሎሳርታን መቀሱን አይነካም፤ የተቆረጠው ሰንሰለት የሚያርፍበትን ቦታ ነው የሚዘጋው። ደግሞ ሳል ሁሉ የክኒኑ አይደለም። አክታ፣ የማታ ላብና መክሳት ካለ የቲቢ ምርመራ ይቅደም።

ሌላው «ተለካሁ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ማቆም ነው። ክኒኑ መቀሱን አይሰብረውም፣ ይይዘዋል እንጂ። መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ መቆረጡ ይቀጥላል፣ ግፊቱም ይመለሳል። በጾም ምክንያት የሚያቋርጡም አሉ። ኢናላፕሪል በባዶ ሆድም ይወሰዳል፤ ሰዓቱን ወደ ማታ ለማዞር ሐኪምዎን ያማክሩ።

ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ እየገዙ አብሮ መዋጥም አለ። የግፊት መድኃኒቱን ያዳክማል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።

ክኒን መዋዋስ ደግሞ በጣም ያስፈራኛል። «ልጄንም ግፊት ይዟታልና አካፈልኳት» ይሉኛል። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? ይህ መድኃኒት የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል። እርጉዝ ሴት አትወስደውም።

እኚያን እናት ክኒኑን በራሳቸው እንዳያቆሙ ነግሬ፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ክኒኑን አይድገሙ፤ እኛም ጋ አይምጡ። በቀጥታ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።