ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወፍ ለማየት እንዴት እንደሚወጣ

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የደረስኩት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። እና ቃል በቃል፣ ወፍ የለም! ጥፋቱ የሰዓቱ ነው።

1. ወፍ ሲንጫጫ ድረሱ። ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። በሩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ከዋዜማው አጣሩ። ቦታው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነውና በጥቅምት ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ጃኬት ያዙ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ከመጣችሁ ነጠላውን አጣጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ ነጭ ከሩቅ ያሳብቃል።

2. የሩቅ ማያ መነጽሩን (ባይኖኩላር) ተለማመዱ። 8×42 የተጻፈበት ለጀማሪ በቂ ነው፤ 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊተኛውን መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። 16 እጥፍ የሚያቀርበው አያጓጓችሁ፤ እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፏም ትንቀጠቀጣለች። መጀመሪያ ወፏን በባዶ ዓይን ያዟት፤ ከዚያ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ መነጽሩን አንሡ። መነጽሩን አስቀድሞ ያነሣ ሰው የሚያገኘው ቅጠል ብቻ ነው።

3. ባሕር ዛፉን እለፉና ጥድ፣ ኮሶ ወይም ወይራ ያለበት ጋ ቁሙ። አዎ፣ ቁሙ። ብዙ የሚራመድ ትንሽ ያያል። አሥር ደቂቃ ሳትነቃነቁ በጆሯችሁ ፈልጉ።

ከቅጠሉ ውስጥ ሻካራ ጩኸት ከሰማችሁ ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ሊሆን ይችላል። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ስለሆነ ከቅጠሉ አትለዩትም። ተነሥቶ ሲበር ግን ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለበት። ከላያችሁ ሰው የሚሳለቅባችሁ የመሰለ ድምፅ ካለፈ ደግሞ ቀና በሉ፦ መንቁሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ያለበት ዋትልድ ኢቢስ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ አይገኝም፤ እኛ ግን ሣር ላይ ትል ሲለቅም እያየን ዝም ብለን እናልፈዋለን። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ትልቁ ቁራ ማስተዋወቅ አያስፈልገውም፤ መንቁሩ ብቻውን መጥረቢያ ያህላል።

4. ጻፉ። ከድንቢጥ ትበልጣለች? ከርግብ ታንሳለች? መንቁሯ እንዴት ነው? ምን ትሠራ ነበር? ፎቶ ካነሣችሁ መርሊን የተባለው ነፃ መተግበሪያ ስሙን ይጠቁማችኋል፤ የመጨረሻው ፍርድ ግን የእናንተ ይሁን። የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈታችሁ አትጥሩ። ወንዱ ባላጋራ መጣብኝ ብሎ መብላቱን ይተዋል።

5. ስትመለሱ ራስ ክምር ያበበበት ካገኛችሁ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራችው የአበባ ማር መጣጭ ወፍ ልትመጣ ትችላለች። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ነው። ፀሐይ እስክታገኘው ታገሡ፤ ሐምራዊ ይሆናል።