የጉበት ምርመራው ከፍ ሲል የቱን ኮድ እንስጥ?

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ካርድ ክፍል ለምትሠሩ የጤና መረጃ ባለሙያዎች ነው። ኮዶቹ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ መለያ ኮዶች ዝርዝር የሆነው የአይሲዲ-10 ናቸው።

ችግር፦ ካርዱ ላይ «ኤልኤፍቲ» (የጉበት ሥራ ምርመራ) ተብሎ ጎኑ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ብቻ አለ።

ብዙ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አር94.5 (ያልተለመደ የጉበት ምርመራ ውጤት) ይሞላል። ስህተት ነው አልልም፤ ግን ሌላ ሲታጣ የሚያዝ ኮድ ነው። ኤልኤፍቲ የብዙ ምርመራዎች ጥቅል ስለሆነ መጀመሪያ የትኛው እንደጨመረ ይለይ። ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የተባሉት ኢንዛይሞች ከሆኑ (አንዳንድ ወረቀት ላይ ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ይባላሉ) አር74.0 ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ሌላ ኢንዛይም ከሆነ አር74.8፣ ቢሊሩቢን (ዓይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው) ከሆነ አር17። አራስ ልጅ ቢጫ ከሆነ ግን አር17 አይሆንም፤ ፒ59 ስር ፈልጉ።

የላብራቶሪ ወረቀቱን አይታችሁ ብቻ ግን ኮድ አትስጡ። ለምሳሌ ስምንተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር አልካላይን ፎስፋቴዟ ከፍ ቢል ከእንግዴ ልጁ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጤነኛዋን ሴት በሽተኛ አድርጋችሁ መዘገባችሁ ማለት ነው። ኤኤስቲ ለብቻው ከፍ ሲልም ወረቀቱ ጥግ ላይ «ሄሞላይዝድ» የሚል ካለ ተመልከቱ። ደሙ ከመንዝ ጤና ጣቢያ በመኪና ሲንገጫገጭ መጥቶ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተው ሊሆን ይችላል፤ ኤኤስቲ እነሱ ውስጥም አለ። ድጋሚ ምርመራው እስኪመጣ ጠብቁ። ግራ ከገባችሁ ካርዱን ይዛችሁ «ዶክተር፣ የትኛውን ነው ያሉት?» በሉ። አንዳንዱ ይነጫነጫል፣ ቻሉት።

ችግር፦ «ሩል አውት ሄፓታይተስ ቢ» (ሄፓታይተስ ቢ አለመሆኑ ይጣራ) ተጽፎ ቢ18.1 (ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ) ተሞልቷል።

ጥርጣሬ ገና የሚጣራ ነገር እንጂ የተረጋገጠ በሽታ አይደለም። ከፍ ያለው ኤኤስቲ ወይም ኤኤልቲ ከሆነ እስኪረጋገጥ አር74.0 ይበቃል። ኤችቢኤስኤጂ (የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ) ፖዘቲቭ መሆኑም ለብቻው ቢ18.1 አያሰጥም፤ ሥር የሰደደ የሚባለው ከ6 ወር በላይ ሲቆይ ነው፣ እሱንም ሐኪሙ ይጻፈው።

ችግር፦ መንስኤው ታውቆ ሁለቱም ኮድ ገብቷል።

የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ጉበቱ ተጎድቶ ሐኪሙ «ከመድኃኒቱ ነው» ካለ ኬ71 (በመድኃኒት ወይም በመርዝ የመጣ የጉበት ጉዳት) ነው። አር74.0ን አውጡት፤ የአር ኮድ መንስኤው ሲታወቅ ቦታውን ይለቃል። አልኮል ላይ ግን ተጠንቀቁ። «አረቄ ይጠጣል» የሚል ታሪክ ኬ70 (ከአልኮል የመጣ የጉበት በሽታ) አያሰጥም። በዚህ ብርድ አረቄ ያልተጻፈበት ካርድ ስንት ይገኛል? ሐኪሙ ጉዳቱን ከመጠጡ ጋር ካያያዘው ብቻ ነው።

ችግር፦ ሲስተሙ አር74.01ን አልቀበልም አለ።

ይሄ ቀላል ነው። ኮዱን ያገኛችሁት ከአሜሪካ ቪዲዮ ነው። እነሱ ከጥቅምት 2020 (በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ አር74.0ን ለሁለት ከፍለውታል፤ አር74.01 ለትራንስአሚኔዝ (ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ)፣ አር74.02 ኤልዲኤች ለተባለው ሌላ ኢንዛይም። በእኛው አር74.0 ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው። መጨረሻዋን 1 አጥፉና እንደገና ሞክሩ።