በቀነሰ ገንዘብ የቁምስናን ሕንፃና ንብረት እንዴት ማስተዳደር ይቻላል

ሚስዮናውያን ሠርተው ያስረከቧቸው ብዙ የካቶሊክ ቁምስናዎች (በአንድ ቆሞስ፣ ማለትም በኃላፊ ካህን፣ የሚመሩ አጥቢያዎች) ዛሬ አንድ ዓይነት ችግር አለባቸው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የካህናት ቤቱ፣ አዳራሹ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ አንዳንዴም ክሊኒኩ በቦታቸው አሉ፤ ከውጭ ይመጣ የነበረው የጥገና ገንዘብ ግን ቀንሷል ወይም ቆሟል። መባው የጥበቃ ደመወዝና የመብራት ሂሳብ ከሸፈነ ተመስገን ነው። በዚህ ጊዜ ኮሚቴዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ከመቀባት ይጀምራሉ፤ ቀለም ለዓይን ይታያል፣ ምእመናንም ለእሱ መስጠት አይከብዳቸውም። መቅደም ያለበት ግን ወረቀት ነው፣ ቀጥሎ ውሃ። ቀለም መጨረሻ ይመጣል።

1. ቆጠራ

ሁለት ሰው፣ አንድ ሜትር፣ ካሜራ ያለው ስልክና የተሰመረ መዝገብ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሕንፃ ርዝመቱና ስፋቱ፣ ግድግዳው (ድንጋይ፣ ብሎኬት ወይስ ጭቃ)፣ ክዳኑ፣ እንዲሁም ማን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠቀምበት ይጻፍ። በኋላ ውሳኔ የሚሰጠው ይህን የመጨረሻውን ዓምድ አይቶ ነው። ንዋየ ቅድሳት፣ ደወል፣ ጀነሬተርና ወንበር ለብቻ ይቆጠራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጥያቄ አለ፦ ዕቃው የቁምስናው ነው ወይስ የገዳማውያኑ (የሚስዮናውያኑ) ማኅበር? መኪናውም ሆነ ሕንፃው በማኅበሩ ስም ሊሆን ይችላል፤ ማኅበሩ ሲወጣ ጭቅጭቁ ይነሳል።

መዝገቡ ተፈርሞ በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ ቁምስናው ዘንድ ይቀመጣል፣ ሌላው ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሄዳል። ይህ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። የላቲን (የሮማ) ሥርዓት ለሚከተሉ ሀገረ ስብከቶች ቀኖና 1283 ያዛል፤ የግዕዝ ሥርዓት ለሚከተሉት ለአዲስ አበባ፣ ለዓዲግራት፣ ለእምድብርና ለባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከቶች ደግሞ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ተመሳሳይ ትእዛዝ አለ። ቆሞስ ሲቀየር ርክክቡ በዚሁ መዝገብ ይፈጸም።

2. ካርታ

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ቁምስናው ያለው የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫው ላይ ያለው ስም፣ የቦታው ስፋትና አጥሩ አንድ መሆናቸው ይታይ። አሮጌ ወረቀት በማኅበር ስም፣ አልፎም ወደ አገሩ በተመለሰ አንድ ካህን ስም ሊገኝ ይችላል። ስሙን ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል፤ አንድም ክፍል ከመታደሱ በፊት ይጀመር። ባዶ የተተወ ጥግ ቢያንስ ይታጠር፣ ቢቻል ይተከልበት።

3. ውሃን ማራቅ

ገንዘቡ አንድ ነገር ብቻ የሚችል ከሆነ፣ ይኸው ነው። በ200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 10,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ የሚያርፈው ግድግዳው እግር ሥር ነው።

ምርመራው በግንቦት ይደረግ። በቀን ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ መግቢያውን መዝጋት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ሁሉ ቀዳዳ ነውና በጠመኔ ይከበብ። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቡናማ ክብ ግን ቀዳዳው ከላዩ ነው ማለት አይደለም። ውሃ በሞራሌው (ቆርቆሮው በሚመታበት እንጨት) ላይ ተንሸራትቶ ራቅ ብሎ ይንጠባጠባል፤ ፍለጋው ከክቡ ተነስቶ ወደ ጣሪያው አናት ነው።

አብዛኛው ማፍሰስ የሚመጣው ከሚስማር ነው። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ አይደለም። የላላ ሚስማር በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ቢመታ በሁለተኛው ንፋስ ይነሳል፤ እንጨቱ ሰፍቷልና። ወፈርና ረዘም ባለ፣ ጎማ ባለው ብሎን ይተካ። ሬንጅ መለጠፍን አንመክርም፤ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ የሚበላውን ዝገት ይሸፍናል፣ በዓመቱ እንደገና ያስወጣል። አዲስ ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር አይዘንጋ፤ 28 ከ35 ይወፍራል። መደራረቡ ከላይ ወደ ታች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በጎን ደግሞ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ጉብታ ይሁን። ጣሪያ ላይ የሚራመድ ሰው ሚስማሩ በተሰለፈበት፣ ሞራሌው ከሥር ባለበት መስመር ይርገጥ። የድሮ ሚስዮን ቤቶች ክዳን አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ላይ አይወጣም፣ በደረቁም አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ አይፈገፈግም። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

አሸንዳ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ቱቦ ያዘንብል፤ በሲባጎና በውሃ ልክ ይለካል። ባሕር ዛፍ ካለ ከክረምት በፊት አንዴ፣ በሐምሌ አጋማሽ ደግሞ እንደገና ይጠረግ። ቱቦው ውሃውን ግድግዳው ሥር ከጣለ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ በቦይ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። በሕንፃው ዙሪያ ያለው መሬት በሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውረድ፤ አፈሩም ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በቅን ልብ ግድግዳው ሥር ተተክለው በየቀኑ ውሃ የሚጠጡ አበቦች ብዙ ቤተ ክርስቲያን አበላሽተዋል፤ ራቅ ብለው ይተከሉ።

ከባዱ ስህተት ግን ልስኑ ላይ ይሠራል። በኖራ ወይም በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበቱን በፊቱ በኩል ያስወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫ ያጣል፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልስኑን ከግድግዳው ያላቅቃል። በጣት አንኳኩቶ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት የሚያወጣ ቦታ ይህ ነው። እላዩ ላይ እንደገና ሲሚንቶ መለሰን ገንዘብ መጣል ነው። ልስኑ ከእርጥቡ ምልክት 30 ሳንቲ ሜትር በላይ ድረስ ይነሳ፤ ግድግዳው በጋውን ሙሉ ይድረቅ፤ ከዚያ 1 ኖራ በ3 አሸዋ ይለሰንና ለተወሰኑ ቀናት ውሃ እየተርከፈከፈ በጆንያ ተሸፍኖ ይቆይ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ ሠራተኛው መነጽር ያድርግ።

4. ማከራየት

ብዙም የማያገለግል አዳራሽ ወይም መጋዘን ይከራይ፤ ግን በጽሑፍ ውልና በሀገረ ስብከቱ ፈቃድ። ውሉ አጭር ይሁን፤ መብራት የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፤ ግድግዳ ማፍረስና አሸንዳ መንካት ይከልከል። ለመጠጥ ቤት አይሰጥም። ኪራዩ ለብቻው በተከፈተ የጥገና ሂሳብ ይግባ፤ ከመባው ጋር ከተቀላቀለ ደመወዝ ይበላዋል። ለአንድ ጉዳይ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ አይውልም፤ የደወል ማማ ብለው የሰጡ ሰዎች ገንዘብ ለጣሪያ ቢያስፈልግ እንኳ መጀመሪያ እነሱ ይጠየቁ።

5. መዝጋት ካስፈለገ

ቤተ ክርስቲያንን ከአምልኮ አውጥቶ ለዓለማዊ፣ ነውር ለሌለበት አገልግሎት ማዋል የጳጳሱ ውሳኔ ነው፤ ኮሚቴም ሆነ ቆሞስ አይችልም። በላቲን ሥርዓት ቀኖና 1222፣ በምሥራቁ ቀኖና 873 ይገዛዋል። ሊጠገን የሚችል ከሆነ ሌላ ከባድ ምክንያት ሊኖር፣ የካህናቱ ምክር ቤት ሊሰማ፣ በሕንፃው ላይ መብት ያላቸው ሊስማሙ፣ የምእመናን መንፈሳዊ ጥቅምም ሊጠበቅ ይገባል። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ቁምስናዎች ባወጣችው መመሪያ የሀገረ ስብከቱ አጠቃላይ የገንዘብ እጥረት ወይም የካህናት ማነስ ብቻውን በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ገልጻለች።

ውሳኔው እስኪመጣ የተዘጋ ቤት ፈጥኖ ይበላሻል። ውሃው ከዋናው መዝጊያ ይዘጋ፤ መብራቱ ከቆጣሪው ይቋረጥ፤ ከፍ ያሉት መስኮቶች አየር እንዲያስገቡ በወንፊት ሽቦ ተሸፍነው ይከፈቱ። በወር አንዴ ሰው ገብቶ ምስጥ የሠራው የጭቃ መስመር ግድግዳ ላይ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። ንዋየ ቅድሳቱ ተቆጥረው በፊርማ ይወሰዱ። የጥምቀትና የተክሊል መዛግብት በዚያ ቤት አንድ ሌሊት እንኳ አይደሩ፤ ወደሚረከበው ቁምስና ወይም ወደ ሀገረ ስብከቱ ቤተ መዛግብት ሄደው፣ ከወለሉ ከፍ ባለ የብረት ቁም ሣጥን ይቀመጡ። ከ40 ዓመት በኋላ ለጋብቻ ማስረጃ የሚመጣው ልጅ ስሙን የሚያገኘው እዚያ ነው።